ሁለት ጣት የጎደለው መስኮት

ዕድላዊት ትናንት የመስኮቱን ብረቶች በተላከላት ገመድ ልክ ቆርጣ፣ መጋጠሚያቸውን ጎድጎድ አድርጋ እርስ በርስ አጠላልፋቸው ነበር፤ የቀረው ብየዳው ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲቀላ ሰፈር ያለውን የብየዳ ቤቷን እንደከፈተች፣ ለማንኛውም ብላ የልኩን ገመድ በመስኮቱ ወርድ ላይ ዘረጋችው። ብረቱ ገመዱን በሁለት ጣት በለጠው።

ገመዱን ከላንቴ መንደር የላኩላት ወይዘሮ አስቴር ናቸው፤ ሜትር ቢያጡ ከጓሯቸው የሙዝ ልጥ ልጠው፣ የመስኮቱን ክፍተት ለክተው ትናንት በባጃጅ ሰደዱላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤታቸው የጸሎት ፕሮግራም አለ፤ መስኮቱ ከዚያ በፊት መግባት አለበት።

«ትናንት ዓይኔን ምን ጋረደው?» ብላ ራሷን ረገመች። ሰው አንዴ የገዛ እጁን መጠርጠር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሜትሩን አንስታ ብረቱንም ገመዱንም ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱም ጊዜ ገመዱን አመነች። ብረቶቹን አሳጠረች፣ እንደገና አጠላለፈች፣ በየደች።

ላንቴ ደርሳ መስኮቱን ግድግዳው ውስጥ ስታቆመው፣ ያለ ምንም ግፊት ገባና ተወዛወዘ። በጎኑ ሁለት ጣት ሙሉ ክፍት ቀረ።

ወይዘሮ አስቴር ገመዱን ተቀብለው በጣታቸው አሹት፤ ተንኮሻኮሸ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ትናንት እርጥብ ነበር። ልጥ ሲደርቅ እንደሚያጥር አንቺ ጠፍቶሽ ነው? እዚሁ ሙዝ ስታስሪበት አይደል ያደግሽው!»

ዕድላዊት ወደ መስኮቱ ዞረች። በክፍተቱ ማዶ የአባቷ የሙዝ ማሳ ይታያል።