እቺ ደግሞ ምን ታውቃለች

ከመገናኛ ወረድ ብሎ ባለው በዚያ ሰፈር ሰው የራሱን ልጅ አያወድስም ነበር። የሰው ዓይን እንዳይወጋው ይፈራል። አያት የልጅ ልጇን «እቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» ብላ ዝቅ ታደርጋታለች፤ ጎረቤት ደግሞ «ኧረ ተይ፣ እንዲህማ አትበያት» ብላ መልሳ ከፍ ታደርጋታለች። አንዷ ስትጥል ሌላዋ እያነሣች፣ ልጅቷ መሬት ሳትነካ ታድጋለች።

ውባንቺና ሐሚዳ በአንድ አጥር ተጎራብተው ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሩ። የውባንቺ የልጅ ልጅ ምንትዋብና የሐሚዳ የልጅ ልጅ ፈዲላ በአንድ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት ተቀምጠዋል። ጣጣው የፈዲላ ድምፅ ነበር። ከጦር ግንባር ደብዳቤ የመጣለት የሰፈር ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። ስታነብ የጻፈው ልጅ ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚናገር ይመስላል ይሏታል። ይህ ነገር ውባንቺ ደረት ላይ እንደ ቃር ቆሞ ቀረ። የራሷ ልጅ ከአሥመራ የሚጽፍላትን በር ዘግታ ምንትዋብን ታስነብባለች። ምንትዋብ ጥፍሯን እየበላች፣ ቃሉን እየዋጠች ታነባለች። ውባንቺም ግማሹን ሳትሰማ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው ማንበብ» ትልና ያልሰማችው ግማሽ ምን ይሆን እያለች ሳምንቱን ስትጨነቅ ትሰነብታለች።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ጓድ ኦላና ከቀበሌ መጣ። ቦሌ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ የምታገናኝ ልጅ ፈልጓል፤ ቀበሌው የሚልከው ግን የአንዲት ልጅ ስም ብቻ ነው። ሁለቱን አሮጊቶች ሐሚዳ ግቢ ምስር ሲለቅሙ አገኛቸው። ልጆቹ ቧንቧ ወርደዋል። ኦላና ለሰፈሩ እንግዳ ነው፤ የነገሩትን እንዳለ የሚጽፍ ሰው። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እማማ ሐሚዳ፣ ፈዲላ እንዴት ናት? ለስልክ ትሆናለች?»

«እቺ ደግሞ ምን ታውቃለች፣ ጓድ» አለች ሐሚዳ። «ውሃ ብልካት እንኳ ሳትመለስ ጀንበር ታዘቀዝቃለች። አፏ ብቻ ነው።» ይህን ብላ እንደ ወትሮው ወደ ውባንቺ ዞረች፤ ተራው ያንቺ ነው እንደማለት።

ቃሉ ውባንቺ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሃያ ዓመት ያለችው ቃል ነው። ግን ያ ድምፅ በስልክ ሽቦ ከተማውን ሲዞር፣ ሰዉ ሁሉ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ሲል ታያት። ምስሩ ውስጥ ድንጋይ የምትፈልግ መስላ አቀረቀረች።

«አዎ፤ ገና ልጅ ናት» አለች።

ኦላና ጻፈ። የሐሚዳ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ምንትዋብስ?»

«እሷማ የባሰች ናት» አለች ውባንቺ። ልማድ ሆኖባት ሌላ ቃል አልወጣትም። «ሰው ፊት መናገር ታፍራለች።»

ይሄ እውነት ነበር። ሐሚዳ ግን ገለባውን እፍ አለችና፣ «አይስሟት ጓድ፣ ልጇን ማኮሰስ ልማዷ ነው» አለች። «ምንትዋብ ጨዋ ናት። ሚስጥር ቢነግሯት ከሆዷ አይወጣም። ስልክ ላይ ለፍላፊ ምን ያደርጋል?»

ኦላና ሳቀ። «ለፍላፊስ ስብሰባችን ላይ ሞልቶናል» አለና ይህንንም ጻፈ።

በሳምንቱ የምንትዋብ ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ሐሚዳ ዳቦ ጠቅልላ መጣች።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

ውባንቺ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጨነቃት። «ምን ሥራ ነው እሱ» አለች ቶሎ ብላ። «ሽቦ መሰካት፣ ሽቦ መንቀል።»

ሐሚዳ እዚህ ላይ «ኧረ ተይ» ማለት ነበረባት።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ሽቦ መሰካት ነው።» ዳቦውን አስቀምጣ፣ ሻሿን አጥብቃ ወጣች።

ውባንቺ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት። በአራተኛው ከፍራሿ ሥር ደብዳቤዎቹን ሁሉ አውጥታ፣ ሰው እያያት አጥሩን ዞራ ሄደች።

«ፈዲላዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ።»

ፈዲላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አነበበች። ልጇ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ድኗል። ጫማ ተሰጥቶታል፤ ትንሽ ይጠበዋል። ውባንቺ ስንት ወር የተብሰለሰለችበት ግማሽ ይሄው ነበር። እንባዋ መጣ፤ ቅናቷም አብሮ መጣ፤ ድምፁ እንደሚሉት ነበር።

ሐሚዳ በሩ ላይ ቆማለች። ውባንቺ ጠበቀች። «እቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» ትበልና እኔ ላንሣት፤ ያን ቀን የቀረብኝን ዛሬ ልበላት ብላ ቃሉን አፏ ላይ ይዛ ጠበቀች።

ሐሚዳ ግን አልጣለችም። የልጅ ልጇን ትከሻ ያዝ አድርጋ፣ «ጥሩ ታነባለች» አለች ራሷ፣ የማንንም አፍ ሳትጠብቅ።

ውባንቺ የራሷን ዓይን ፈርታ መሬት መሬቱን አየች።