መልካም፣ ከነርባታው

፩

ዝም።

፪

ይህ ዝምታ የለቀስተኛው ነው። በኛ በከምባታ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ተራ በተራ እየተነሳ የሟቹን ደግነት ይናገራል። የአባቴ የአቶ ኤርሲዶ አስከሬን መሃል ተቀምጦ አንድ የሚነሳ ጠፋ። ከመንደሩ ሁሉ ጋር በአጥር ተጣልቷል፤ ምን ይበሉ? አንባቢ ሆይ፣ አንተም ብትሆን ጉሮሮህን ነበር የምትጠርገው።

፫

የሚሲዮኑ ቄስ አባ ደግሞ ወንዝ ሞልቶባቸው ማዶ ቀርተዋል። እናቴ አፈረች፤ ባሏ ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው። በሚሲዮኑ ለቅስና የሚማረውን ጎረቤታችንን ቴዎፍሎስን ጠራችው።

— በል እንጂ፣ በላቲኑ አንድ ነገር በልለት።

፬

ስለ ቴዎፍሎስ ማወቅ ያለባችሁ፦

ሀ) ገና ጀማሪ ነው፤ ፍታት ላይ አልደረሰም።

ለ) ሰኞ ፈተና አለበት፤ የአንድ የላቲን ቅጽል ርባታ።

ሐ) እናቴን እምቢ የሚል ሰው አልተወለደም።

፭

ቦኑስ።

ቦኒ።

ቦኖ።

ቦኑም።

በዜማ! ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ። የወንዱን ርባታ ጨርሶ ወደ ሴቱ ሲሻገር ሴቶቹ እዬዬ አሉ። ብዙ ቁጥር ላይ ሲደርስ፣ በአጥር የከሰሰን አቶ ላምቤቦ ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ። እኔም አለቀስኩ፤ የምሬን ነው። ታምሜ አባቴ ክሊኒክ ድረስ አዝሎኝ የሄደው ትዝ አለኝ።

፮

(ቀብሩ። ዝለሉት፤ እኔም ዘልዬዋለሁ።)

፯

ከቀብር መልስ እናቴ ቴዎፍሎስን ጓዳ አስገብታ ትርጉሙን ጠየቀችው።

— መልካም ማለት ነው፣ እማማ። መልካም፣ የመልካም፣ ለመልካም… ሌላ ምንም የለበትም። ጸሎት አይደለም።

ትጮህበታለች ብዬ ነበር። የአባቴን ጋቢ ከግድግዳው አውርዳ ማጠፍ ጀመረች።

— ስለሱ እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። ክፉ የሚለውንስ ትችላለህ?

— እሱም በዚያው ዜማ ነው የሚረባው።

— እንግዲያው ለተዝካሩ ሁለቱንም አጥና። የቱ እንደሚገባው እስከዚያ አስብበታለሁ።

፰

ተዝካር። ድንኳኑ ሞልቷል። አባም ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ላቲን ያውቃሉ። ቴዎፍሎስ ተነስቶ እናቴን አያት። እናቴ ትከሻዋ ላይ የጣለችውን የአባቴን ጋቢ አስተካከለችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከሁለቱ ቃላት አንዱን ነው። ከሱና ከኔ በቀር ያየ የለም።

ቴዎፍሎስ አፉን ከፈተ፦

፱

. . . . . . . . . . . .