ማን አጠፋው?

ኔትወርኩ ዛሬም በዘጠኝ ሰዓት ቀጥ አለ። እትዬ ደመቀች ይህን ያወቁት ከኮምፒውተሩ አይደለም፤ ከሬጅስትራር ቢሮ ወጥታ ፀሐዩን በፋይል እየተከላከለች ግቢውን ከምታቋርጠው ከሙሀባ ነው።

«ሄደ፣ እትዬ ደመቀች። ወላሂ የመቶ ሃያ ተማሪ ማርክ አስገብቼ ልጨርስ ስል ሄደ።»

«እኔ ዘንድ አልመጣም» አሉ እትዬ ደመቀች፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ካለችው በርጩማቸው ሳይነሡ።

ከኋላዋ ምናሴ ደረሰ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከገባ ጀምሮ ላቡን ሲጠርግ ነው የኖረው። ጫማውን አውልቆ ገባ። አቧራ የኮምፒውተር ጠላት ነው ብሎ በጫማ መግባትን የከለከለው እሱ ቢሆንም፣ ሕጉን የሚያስከብሩት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ደመቀች ናቸው። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«የግቢው የኔትወርክ ገመድ ሁሉ የሚገባባት ሣጥን ጠፍታ ነው ያገኘኋት። አጥፍተዋል?»

«አላጠፋሁም። ዕድሜዬን ሙሉ አላጠፋሁም።»

«ቁልፉ በእርስዎ እጅ ነው። ተማሪዎቹ በስምንት ሰዓት ይወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይገባል?»

«የኮሌጁ ዲን ይገባል። በሩን ዘግቶ አየር ማቀዝቀዣው ሥር አንድ ሰዓት ይቀመጣል። የደብረ ሲና ሰው ነው፣ ቆላው አልሆነለትም።»

«እንግዲህ ዲኑን ልጠርጥር?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። ዳውላው እኔ ነኝ።»

ምናሴ ዓይኑን ሰበረ። የዝውውር ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ ዲኑም ፈርሞበታል። ነገም ከጠፋ እትዬ ደመቀች ቁልፉን አስረክበው ወደ ተማሪዎች መኝታ ቤት ይዛወራሉ።

እትዬ ደመቀች በመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረችውን ቁልፍ ጨበጡ። ኮሌጁ ገና ማሠልጠኛ እየተባለ ሲጠራ እዚህ ክፍል ውስጥ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ የካርቦን ወረቀቱንና ጣት የሚያጠቁረውን የስቴንስል ቀለም የጠረጉት እሳቸው ናቸው። በኋላ ሦስት ኮምፒውተር እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ መጣ፤ አብሮት የመጣው ማተሚያ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ጠርዙ የተበሳሳ ወረቀት ሲተፋ፣ ያንንም ጠረጉ። ቀጥሎ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ገባ፤ አንዱ ስልክ ባነሣ ቁጥር ይቋረጥና መምህራኑ ደጅ ቆመው ይጨቃጨቃሉ፣ እሳቸው የሲጋራ ቁራጫቸውን ይጠርጋሉ። ዘንድሮ፣ በዘጠና ስምንት፣ ሃያ አራት አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ግድግዳው ተቦርቡሮ ገመድ ተቀበረበት፤ የገመዱ ቁራጭ ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። እሱንም ጠርገው ሲያበቁ፣ አሁን «አጥፍተዋል» ይባላሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለት ወረቀት ተለጠፈ፤ አንዱን ዲኑ በሩ ላይ፣ አንዱን ምናሴ ሣጥኗ ላይ። ለእትዬ ደመቀች ሁለቱም አቧራ መያዣ ናቸው። ያነበበላቸው የለም፣ እሳቸውም አልለመኑም።

«ነገ ዘጠኝ ሳይሞላ ኑ» አሏቸው ለምናሴና ለሙሀባ። «ቁልፌን የማስረክበው በምስክር ፊት ነው።»

በማግስቱ ተማሪዎቹ ወጡ፤ ዲኑ ገብረሚካኤል ጫማውን አውልቆ ገባና በሩን ዘጋ። ምናሴና ሙሀባ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። በዘጠኝ ሰዓት ዲኑ ፊቱ ወዝቶ ወጣና ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማጥለቅ ያዘ። ምናሴ በካልሲው ሮጦ ገባ።

«ማን አጠፋው?» አለ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ዲኑ፣ ቀና ሳይል። «ማስታወቂያ ለጥፌ የለም? "በመጨረሻ የሚወጣ ሰው ስዊች ያጥፋ" ይላል። ለመንግሥት ንብረት እኔ ካልተቆረቆርኩ ማን ይቆርቆር? አንተም ደግ አድርገሃል፣ የትኛው እንደሆነ ሣጥኗ ላይ "ስዊች" ብለህ ጽፈህበታል።»

ሙሀባ አፏን ያዘች። ምናሴ በሩ ላይ ብቅ አለና ካልሲውን ማየት ጀመረ።

«ምነው፣ ስዊች አይደለችም?» አለ ዲኑ።

«ስዊች ናት። ግን…»

«ናት ወይስ አይደለችም?»

«ናት። ስሟ ነው፤ ኮምፒውተሮቹን የምታገናኘው እሷ ናት። ግን አትጠፋም።»

«የማይጠፋ ስዊች ምን ይሠራል?»

እትዬ ደመቀች ተነሡ። «አቶ ገብረሚካኤል፣ እሷን ባጠፉ ቁጥር የሙሀባ ሥራ ይቆማል፣ የእኔ ስም ይጠፋል። ሳምንቱን ሙሉ ያጠፉት እርስዎ ነዎት፤ ደብዳቤው የመጣው ግን ለእኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቆጥሬ ቢሆን እንደ እርስዎ አጠፋ ነበር።»

ዲኑ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ወደ ምናሴ እጁን ዘረጋ። ምናሴ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዲኑ አራት ቦታ ቀደደውና ቁርጥራጩን የት እንደሚጥለው ግራ ገባው።

«ወዲህ በሉት» አሉ እትዬ ደመቀች። «ለምጄዋለሁ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ላብራት» አለ ዲኑ፤ አፍሮ ቸኮለና ደፉን አለፈ።

«ጫማ» አሉ እትዬ ደመቀች።

ዲኑ ተመልሶ አወለቀ።