ቄሱ ሎሚ ከያዙ ደህና ነው

ቄስ ትሬሎርን የካሪንጋ ከተማ ሰው ይጠላቸዋል ማለት ሐሜት ነው። ይወዳቸዋል፤ ብቻ ከሩቅ ይሁኑልኝ ይላል። ባለፉት አራት ዓመታት ከጦር ሜዳ የሞት ቴሌግራም በመጣ ቁጥር በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸውና። የፖስታ ቤቷ ኤድና ፐርሴል መልእክቱን ተቀብላ ትጽፋለች፣ አጥፋ ለቄሱ ትሰጣለች፤ ቄሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይሄዳሉ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሄደዋል። ሰው ሁሉ በስም በሚተዋወቅባት አንዲት የሸንኮራ አገዳ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀላል አይደለም።

ኋላ ኋላ ሰውየው መንገድ ላይ ብቅ ሲሉ መጋረጃ የሚዘጋው በዛ። አንዷማ፣ የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ ቢሄዱ ደጃፏ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። መሰላል ትከሻቸው ላይ ተሸክመው እኮ ነው! እሷ መሰላሉን መች አየችው፤ ያየችው ቄሱን ነው።

መላውን የዘየደችው አይቪ ማዶክ ነበረች። አይቪ ባሏን በጊዜ የቀበረች፣ ለስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ምግብ የምታበስል፣ አፏ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ስሙ ክላረንስ ነው፣ ክላሪ ይሉታል፤ እሱም ዘምቷል። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቄሱን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

"ይስሙኝ ቄስ ትሬሎር፣ በእርስዎ የተነሳ ልባችን ሊቆም ነው። ጓሮዎ ያ ሎሚ አለ አይደል? ለወግም ይሁን ለመዝሙር ልምምድ ሲመጡ፣ ብስክሌትዎ ላይ ሎሚ ያንጠልጥሉ። ቄሱ ሎሚ ከያዙ ደህና ነው እንላለን።"

"ዛፉ ፍሬ ባይኖረውስ?"

"ቅጠሉን ይያዙ! ቅጠል አያጣ መቼም።"

"ባዶ እጄን ከመጣሁስ?"

"ያኔ እናውቃለና" አለች አይቪ። "ከአጥሩ እስከ በሩ እስኪደርሱ እንኳ ለማወቅ ጊዜ ይኖረናል። ድንገት ጆሯችን ላይ ከሚወድቅብን ይሻላል።"

ነገሩ ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። ቤተ ክርስቲያናቸው ደርሰው የማያውቁ ሴቶች እንኳ ቢጫ ነገር ከሩቅ ሲያዩ "ሎሚ ነው፣ ሎሚ ነው" እያሉ ይተነፍሳሉ። ቄሱም አንድ ቀን እንኳ አላጭበረበሩም።

ጦርነቱ ያለቀበት ረቡዕ መጣ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሬዲዮ ጃፓን እጅ ሰጠች አሉ፤ የፋብሪካው ሳይረን ያለ ማቋረጥ ጮኸ፤ አገዳ ቆራጮች ቢላዋቸውን እዚያው ማሳው ላይ ጥለው እየሮጡ ወደ ከተማ ገቡ፤ ፊታቸው ገና የተቃጠለ አገዳ ጥቀርሻ እንደለበሰ ያገኙትን ሁሉ ይስማሉ። ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሽማግሌው ሌስ ወንበር ላይ ቆሞ፣ "ድሮም ሩሲያ ባትኖር..." ብሎ ሲጀምር አንዱ ከታች፣ "አሜሪካኖቹ መርከብ ባያመጡ አንተን ዛሬ ዓሣ በልቶህ ነበር፣ ውረድ!" ይለዋል። ሌላው ደግሞ፣ "እንግሊዝ ብቻዋን ስትደበደብ የት ነበራችሁ?" እያለ ይገባበታል። አሸንፈውም አልተስማሙም።

ባለ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁ ሚስተር ክዎንግ የቻይናን ሰንደቅ በሱቁ መስኮት አውጥቶ ሰቅሏል። ቄሱ ቅርጫት ሙሉ ሎሚ ብስክሌታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያልፉ አስቆማቸው።

"ቄስ ትሬሎር! እኛ ስምንት ዓመት ተዋጋን። እናንተ ገበያው ሊፈታ ሲል መጣችሁና አሸነፍን ትላላችሁ።"

"ዘግይተን ስለመጣን ሎሚ ካሣ እንክፈል?"

"ሁለት ይሁን" አለ ክዎንግ፤ ተቀብሎም እየሳቀ አቀፋቸው።

ቄሱ የወጡት ለዚህ ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው ሎሚ ሊሰጡ። ምኞታቸውን እንደ ነውር ቆጥረው ለማንም አልተናገሩትም እንጂ፣ አራት ዓመት ሙሉ የተመኙት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሲመጡ ሰው ደስ የሚለው አንድ ቀን። ዛሬ መጋረጃ የዘጋ የለም። በአራት ዓመት ያልሳሟቸው በአንድ ጠዋት ሳሟቸው።

ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ኤድና በሩ ላይ ቆማለች። ባንዲራ አልያዘችም።

"ኤድና፣ ነይ ሎሚሽን ውሰጂ!"

"ይግቡ" አለች። "በሩን ይዝጉት።"

ቄሱ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉ። "ተይ እንጂ ኤድና። አለቀ እኮ! ሳይረኑን አልሰማሽም?"

"ከሳይረኑ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የደረሰኝ።" ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋችላቸው። "ለአይቪ ነው።"

አነበቡት። ክላረንስ ማዶክ፣ ቡጋንቪል ደሴት፣ ከስምንት ቀን በፊት። ደግመው አነበቡት፤ ስሙ አልተለወጠም። ጦርነቱ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው! ቄስ ናቸውና መሳደብ አይችሉም፤ የዚያን ቀን ግን በሆዳቸው የተሳደቡትን እግዜር ይቁጠረው።

"ዛሬ ትጨፍር" አለች ኤድና ዓይኗን እየጠራረገች። "መሳቢያው ውስጥ ልክተተው። ነገ ጠዋት ደረሰ እንላለን። ማን ያውቃል? እርስዎና እኔ ነን። እግዜርም እንደሆነ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል።"

ቄሱ እሺ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያኔ ካርታው ትዝ አላቸው።

በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። እያንዳንዷ እናት ልጇ ባለበት ቦታ ክር ያሰረችበት ስፒል ትሰካለች። የካሪንጋ ሰው ጦርነቱን የተማረው ከዚያ ግድግዳ ነው። ስፒሎቹ መጀመሪያ በሊቢያ በረሃ ተሰበሰቡ፤ ወደ ግሪክ ተሻገሩ፣ ወደ ቀርጤስ ሸሹ። ሲንጋፖር ላይ ሰባት ስፒሎች ተሰክተው፣ ልጆቹ ተማርከዋልና፣ ሦስት ዓመት ተኩል ንቅንቅ አላሉም። የቀሩት ወደ ቤት ተመልሰው በኒው ጊኒ ተራራ ላይ እንደ ጉንዳን ወጡ ወረዱ፤ ከዚያ ደሴት በደሴት እየዘለሉ ወደ ሰሜን። በሌላው ጫፍ የተማሪ ቤት ልጆች ቀለም የቀቡት የሩሲያ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ባንዲራ በርሊንን ከሁለት በኩል አንቆ ያዛት። ልጅ ሲሞት ስፒሉ አይነቀልም፤ ባለበት ይቀራል። አሥራ ዘጠኙም እዚያው አሉ።

ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ልጆቻቸው በሕይወት ያሉ እናቶች ስፒላቸውን ነቅለው ወደ ቤት ይወስዳሉ ተብሏል።

"ነቅላ ትወስደዋለች፣ ኤድና" አሉ ቄሱ። "በሰው ሁሉ ፊት። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ፊት። ነገ መልሳ ልትሰካው ነው?"

ወረቀቱን ደረት ኪሳቸው ከተው ወጡ።

አራት ሰዓት ተኩል ነበር። በቀጥታ ወደ አይቪ ቤት ይሄዳሉ ያለ ሰው ካለ ቄስ ትሬሎርን አያውቃቸውም። መንገዱ ጫፍ ደርሰው ዞሩ። በፋብሪካው በኩል ወረዱና ተመለሱ። ምድር ጠበበቻቸው። ሰው ያቆማቸዋል፤ ይቆማሉ፤ ሳቅ ሲመጣ ይስቃሉ፤ ሎሚ ይሰጣሉ። አንዷ የመሳሚያ ቦታ እስኪያጡ ሳመቻቸው፤ የመሰላሏ ሴትዮ ነበረች። ደስ አላቸው። ደስ ስላላቸው ደግሞ በገዛ ራሳቸው አፈሩ። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ይኮሰኩሳቸዋል። አንዴ ከብስክሌቱ ወርደው የዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው ተነሱ። የአይቪን መታጠፊያ ሦስት ጊዜ አልፈውታል። ምን ብለው እንደሚጀምሩ ይደግማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ይደግማሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያደረጉት ነገር ጭራሽ አዲስ ሆነባቸው። የአደባባዩ ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ አይቪ ባርኔጣዋን አድርጋ ልትወጣ እንደምትችል ታሰባቸውና ፔዳሉን በሙሉ ጉልበታቸው ረገጡት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የሚናገሩትን ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ አፍንጫቸው ሥር የተንጠለጠለውን ቅርጫት ረሱት።

አይቪ የክላሪን ፍራሽ በረንዳው ላይ አውጥታ በዱላ ትደበድባለች። ቀና አለች። ቢጫውን አየች።

"ሎሚ!" ብላ ጮኸች። "ሎሚ ይዘው መጡልኝ!"

ዱላውን ወርውራ እስከ አጥሩ ሮጠች። ቄሱ ወደታች ተመለከቱና ቅርጫቱን አዩ፤ ሊያወርዱት ቢሉ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። ቅርጫቱን ከመሪው ላይ ነጥቃ፣ ክንዳቸውን ይዛ እየጎተተች ወደ ወጥ ቤት አስገባቻቸው።

"ይቀመጡ፣ ይቀመጡ! ላብ በላብ ሆነዋል እኮ። ማን አሯሯጥዎ፣ ጃፓን እንደሆነ እጅ ሰጥታለች!" ሳቀች። ከመደርደሪያው ጥግ ግማሽ ማሰሮ ስኳር አወረደች። "ይህቺ የክላሪ ናት። የስኳር ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ስኳር በኩፖን! በማንኪያ በማንኪያ ነው ያጠራቀምኩት። ዛሬ ግን ከእርስዎ ጋር እንቀምሳታለን።"

"አይቪ፣ ስሚኝማ..."

"መጀመሪያ ይጠጡ።" ሎሚ ቆረጠች፣ ጨመቀች። "ልንገርዎ? ሳይረኑ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዘለለ፤ እኔ ግን በመስኮት እርስዎን ነበር የምፈልገው። አሁን ይመጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ እያልኩ። ሞኝ አይደለሁ? ጠዋቱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። ሎሚውን ሳይ ነው ጉልበቴ የተመለሰው።"

ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አደረገችው። አልጠጡትም። ሎሚው ጠረጴዛው ላይ እንደዚያ ተቆልሎ እያለ ቢናገሩ፣ አይቪ በጆሮዋ ትሰማ ይሆናል እንጂ አታምናቸውም። ብታምናቸውም ደግሞ ከዚህ በኋላ በካሪንጋ ሎሚን የሚያምን አይኖርም። ከሁሉ በላይ የቆጫቸው ግን ሌላ ነው። ይህች ሴት የለመነቻቸው ከአጥሩ እስከ በሩ ያለውን ጊዜ ብቻ ነበር። እሱንም ነጠቋት።

ብርጭቆውን አስቀምጠው ተነሱ።

"የት ነው ደግሞ?" አለች አይቪ ቢላዋውን እንደያዘች።

ወጥ ቤቱን ለቀው ወጡ። በረንዳውን ወረዱ፣ ግቢውን አቋረጡ፣ ከአጥሩ ውጪ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ከዋናው መንገድ ሙዚቃ ይሰማል። ጀርባቸውን ሰጥተው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ የአጥሩን በር ከፈቱ፣ እንደገና ገቡ። ባዶ እጃቸውን።

አይቪ በወጥ ቤቱ መስኮት ታያቸው ነበር። "ምን ረስተው ነው?" ብላ በሳቅ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ከአጥሩ እስከ በሩ ሃያ ርምጃ ያህል ነው። ቄሱ አንዱንም አላፋጠኑትም። መንገዱ መሐል ላይ ሲደርሱ ፊቷ ከመስኮቱ ጠፋ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ቄሱ አላንኳኩም። ደረጃው ላይ ቆሙ። የስድስት ሰዓቱ ሳይረን ጮኸ፤ ከአዳራሹ በኩል ጭብጨባ መጣ፤ እናቶቹ ስፒላቸውን እየነቀሉ ነው። ጭብጨባው ጋብ ሲል በሩ ተከፈተ።

አይቪ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ሰጧት። አነበበች፤ አጥፋ ከሽርጧ ኪስ ከተተችው።

"ተሰቃይቶ ነው?"

"አይልም፣ አይቪ። እኔ እንጃ።"

"እንጃ ይበሉኝ እሺ። አልተሰቃየም እንዳይሉኝ ብቻ።" የሽርጧን ኪስ በመዳፏ ያዘች። "አዳራሽ ሄደው የክላሪን ስፒል እንዳይነኩት ይንገሩልኝ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል፣ እኔን የዘገየሁ መስሏቸው ሊነቅሉልኝ ይችላሉ። ባለበት ይቆይ ይበሏቸው።"

"እነግራለሁ። ካንቺ ጋር ትንሽ ልቀመጥና..."

"አይሆንም። አሁኑኑ ይሂዱ። ሲጨርሱ ይመለሱ፤ ያኔ አለቅሳለሁ።"

ቄሱ ወርደው ብስክሌታቸውን ያዙ። እግራቸውን ሊያነሱ ሲሉ፣ "ይቆዩ!" ስትል ሰሙ። አይቪ ቅርጫቱን ታቅፋ ወጣች። የተቆረጡትን አስቀርታ ደህና ደህናዎቹን መልሳ ሞልታዋለች። መሪው ላይ ራሷ አንጠለጠለችው፤ ሁለት ጊዜ አመለጣት፣ በሦስተኛው ያዘላት።

"ባዶ እጅዎን በከተማው እንዳይሄዱ" አለች። "ዛሬ ሰው አያስደንግጡ።"