አንድ አስቀርተሻል

ሳሌም ዘሥላሴ በሦስት አገር መድረክ ላይ ቫዮሊን ተጫውታለች። ናይሮቢ ላይ ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቦላታል፤ ጀርመን አገር ሁለት ዓመት ተምራ ስትመለስ የአዲስ አበባ ጋዜጠኞች ተሻምተውባታል። ይህችው ሴት በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ጀርባ ቆማ፣ በብርድ የደነዘዙ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ በመጋረጃው ቀዳዳ ታጮልቃለች። የምትፈልገው አንድ ነጭ ጥምጣም ነው።

ጥምጣሙ የአባቷ የመሪጌታ ዘሥላሴ ነው። አንኮበር ላይ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጄ ነርስ ትሆናለች ብለው አዲስ አበባ ቢልኳት ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ ተገኘች። ቫዮሊኑን አንዴ ገለጥ አድርገው አዩና "ማሲንቆ አጥታ ነው?" አሉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጤናዋ ይጠይቃሉ፣ ስለ ኑሮዋ ይጠይቃሉ፣ ስለ ቫዮሊኑ ግን ትንፍሽ አይሉም። ስትጫወትም ቁጭ ብለው ሰምተዋት አያውቁም። ሳሌም ደግሞ ግትር ናት፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አንኮበር በሙሉ ያውቃል። እሳቸው እስካልሰሟት ድረስ ያ ሁሉ ጭብጨባ አይሞቃትም ነበር።

የሚገርመው፣ የዜማ ፍቅሩን የዘሩባት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው ነው። መሪጌታ ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይሳደቡም፤ መቋሚያቸውን አንዴ መሬት ላይ ይመቱታል። ኳ ካለ፣ ተሳስተሃል፣ መልሰው ማለት ነው። ዳር ተቀምጣ የምትሰማው ትንሿ ሳሌም ምንም ሳታጠፋ ከተማሪው እኩል ትደነግጥ ነበር። ድምፅ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ "ርክርክ" ይሉታል። በኋላ የሙዚቃ መምህሯ ጣትን ክሩ ላይ ማርገብገብ ሲያስተምራት፣ ሌላው ወራት የሚፈጅበትን በአንድ ቀን ያዘችው። ከየት አመጣሽው ቢላት "ከአባቴ" አለችው።

ለዚህ ኮንሰርት ብላ ረቡዕ አንኮበር ገባች። በየቀኑ መለማመድ ስላለባት ጓዳውን ዘግታ ትጀምራለች። ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ አባቷ ዳዊታቸውን አንሥተው ውልቅ ይላሉ። ረቡዕ ወጡ፤ ሐሙስ ወጡ፤ ዓርብ ማዕዱን ጥለው ወጡ። እናቷ ወይዘሮ ወይንሸት "ፀሐይ ሊሞቁ ነው" ብለው አለፉት።

"ነገ ይመጣሉ፣ አባዬ?" አለቻቸው ዓርብ ማታ።

"ማታውን ማኅሌተ ጽጌ አለብኝ።"

"በዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው፤ ለማኅሌቱ ይደርሳሉ።"

"እናያለን።"

በእኛ አገር "እናያለን" እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ እንቅልፍ መንሻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የአዳራሹ ኃላፊ ምህረቱ እያለከለከ መጣ። "አባትሽ መጥተዋል። በር ላይ መቋሚያዎን ያስቀምጡ ብንላቸው፣ 'እናንተስ እግራችሁን አስቀምጣችሁ ትገባላችሁ?' አሉን። ከእናትሽ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ከነመቋሚያቸው።"

ሳሌም ብርዱን ረሳችው። ወደ መድረኩ የወጣችው እየሄደች ይሁን እየሮጠች አላወቀችም። የምትጫወተው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተደረሰ፣ አንድ ቫዮሊን ያለ አጃቢ ብቻውን የሚወጣው ዜማ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቀስቱን ክሩ ላይ ስታሳርፈው የወጣው ድምፅ ራሷን አስደነቃት፤ እንዲህ አምሮላት አያውቅም። በዓይኗ ጫፍ ጥምጣሙን ታያለች፣ ትበረታለች፣ ትፈጥናለች።

መሐል ላይ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የሚወጣ ቦታ አለ፤ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ደስታ ያጣድፋልና አንዴ ወጥታ ወረደችና ሁለተኛውን ዘላው አለፈች። ወዲያው ታወቃት። ቢሆንም ደብረ ብርሃን ላይ ማን ያውቅብኛል ብላ ቀጠለች።

ኳ!

ቀስቱ ባለበት ቆመ። ያቆመችው እሷ አይደለችም፤ ያኔ ዳር ተቀምጣ ትደነግጥ የነበረችው ልጅ ናት። አዳራሹ እርጭ አለ። ምህረቱ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ገሰገሰ። ከሁሉም የደነገጡት ግን መሪጌታ ናቸው፤ መቋሚያውን ሌላ ሰው የመታው ይመስል አፍጥጠው አዩት። ይሁንና መምህር መምህር ነው፤ ከመቱ በኋላ ትተውት አያውቁም።

"ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። አንድ አስቀርተሻል" አሉ፤ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን አዳራሹን ሞላው። "መልሺው።"

ሳሌም መጀመሪያ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ቀጥሎ አንድ ነገር መጣባት፦ እሳቸው ይህን ከየት ያውቁታል? ይህ ዜማ አንኮበር ላይ የተሰማው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጓዳ ውስጥ። ፀሐይ የሚሞቀው ደግሞ ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው የሚባለው እውነት ነው። ወደ እናቷ ዞር ስትል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ሳሌም በሦስት አገር መድረክ ላይ እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

"እሺ፣ አባዬ" አለች። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ።

ከመጀመሪያው ጀመረችው። ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ሁለተኛው ጫፍ ላይ ደርሳ ድምፁን ስታርገበግበው ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አየችው፤ ማኅሌት ላይ እንደሚያደርጉት።

ሕዝቡ ሲለቃት ሮጣ ወጣች። የአንኮበሩ ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቷል፤ አባቷ ገብተው ተቀምጠዋል።

"ለካ ሰምተውኛል፣ አባዬ" አለች በመስኮቱ።

"ረቡዕ ሦስት ቦታ ተሳስተሻል። ሐሙስ አንድ። ዓርብ ንጹሕ ነበር።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ አንድ። እሱንም መለስሽው።" መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል አስተካከሉና "ርክርኩን ግን ከማን ተማርሽው?" አሏት።

"ከእርስዎ ነዋ።"

መሪጌታ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

"ሾፌር፣ እንሂድ እንጂ" አሉ፤ "ማኅሌቱ ሊያልፈኝ ነው።"