የጅረቱ መዘውር

ተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው። የማዕድኑን የውሃ መዝጊያ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በጋ ላይ ጅረቱ ስለሚቀጥን የመዝጊያውን መዘውር አዙረን፣ ከመቆፈሪያው ጉድጓድ ሥር ወዳለው የማዕድን ማጠቢያ እንልከዋለን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ጥንቱ መውረጃው፣ በመንደሩ በኩል እንመልሰዋለን። ከመልቀቃችን በፊት ግን ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ይጠበቃል።

አምና እኔ ታምሜ ስቀር የጉድጓዱ አለቃ ጡሩምባ ሳይነፋ ወደ መንደሩ ለቀቀው። ጉድጓዱ ውሃ እንዳይገባበት ቸኩሎ ነው። ጎርፉ እናቴን ከነቤቷ ወሰዳት። ይህ አለቃ የታላቅ እህቴ ባል ነው። ለቅሶው ላይ ከሁላችን በላይ ያነባው እሱ ነበር። "ሰው መኖሩን በምን አውቄ!" እያለ ደረቱን ደቃ። እህቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለባሏ ያደላች መስሎኝ ተቀየምኳት። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቀጣዩን ክረምት ጠበቅሁ።

ዘንድሮ አለቃው ቤቱን ለብድር አስይዞ የገዛው መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሟል። ልጆቹን እንኳ እንደሱ አቅፎ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። መዘውሩን ወደ መንደሩ ማዞር ነበረብኝ፤ አላዞርኩትም፤ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዲወርድ ተውኩት። ጡሩምባውን ለጉድጓዱ ሠራተኞች ነፋሁ፤ ሁሉም እየተሯሯጡ ወጡ። እኔ እንደሱ አይደለሁም።

የመገናኛ ሬዲዮው ጮኸ፤ የእህቴ ባል ነው።

"እህት ዓለም፣ ወደ መንደሩ ልቀቂው!"

"መንደር ውስጥ ሰው አለ።"

"ይሸሻሉ ባክሽ! ማሽኑ አልነሳ ብሎኛል!"

"ታዲያ መጥቼ ልግፋልህ?"

"ከሥራ ነው የማባርርሽ!"

"አባርረኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ እህቴን አየኋት። በዝናቡ ውስጥ ዳገቱን በእጇ ጭምር እየቧጠጠች ትመጣለች። የተያዘው ቤት የእሷም ነው። እግሬ ላይ ከወደቀች እንደማዞረው አውቀዋለሁ፤ እሷን እምቢ ማለት አልችልበትም።

"ሰዎቹ ወጡ?" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"ሁሉም ወጥተዋል።"

"እሱስ?"

"ዳር ላይ ቆሞ ይጮሃል። እትዬ፣ ቤትሽ እኮ..."

"አምና ያን ቀን ደውዬለት ነበር" አለች። "'እማዬ ታማ ተኝታለች፣ ደርሼ እስካወጣት እንዳትለቀው' አልኩት። 'እሺ' አለኝ።"



"ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛሁ" አለች፣ መዘውሩን በሁለት እጇ አንቃ እየያዘች። ልታዞረው መስሎኝ ነበር። እኔ እንዳላዞረው ነው የያዘችው።

ከታች ባሏ ስሟን እየጠራ ይለምናል። የኤክስካቫተሩ ክንድ ብቻ ከውሃው በላይ ቀርቶ ነበር፤ ቀስ በቀስ እሱም ጠፋ። እህቴ እጇን አላነሳችም።