ማን ማንን ፈታ

እትዬ መርፌ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ልታገባ ተነሣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስሙ ግን ከሥራዋ ብቻ የመጣ አይደለም፣ አፏም ይወጋል። እጮኛዋ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የስፌት ቤቷን የእጅ መታጠቢያ ሊጠግን መጥቶ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ እየተመላለሰ ሲያራዝመው ከረመ። አንድ ጠዋት ደህና የሆነውን ቧንቧ እንደገና ሲፈታታ ደረሰችበትና፣

«የሚያንጠባጥበው ቧንቧው ነው ወይስ አንተ?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ጋብቻ ማስመዝገቢያ ቢሮ ሲሄዱ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ከዚህ በፊት አግብተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አንዴ። አሥራ አንድ ዓመት።»

«የፍቺ ማስረጃ ያምጡ።»

«ልጄ፣ እኔና እሱ ስንለያይ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ያሻሽን ጎረቤት ጠይቂ።»

«ጎረቤት ማህተም የለውም» አለች ልጅቷ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እውነቱን ለመናገር የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እትዬ መርፌ እጅ ላይ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ ጠንካራ መሆኑ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለሕፃናት ሸሚዝ የኮሌታ ልክ ማውጫ አድርጋ ቆርጣዋለች። በዚያ ፍቺ ልክ ስንት ሕፃን ኮሌታ እንደተሰፋለት እሷም አታውቅም። መሳቢያዋን ገልብጣ ያገኘችው ቁራጭ ላይ የቀረው ግማሽ ማህተምና «ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ» የሚል ጽሑፍ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደሚሆን መቀስ በልቶታል።

ስለዚህ የውሳኔውን ኮፒ ለማውጣት አንድያ ሴት ልጇን ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ።

«ኮፒው ለምን ጉዳይ ነው የተፈለገው?»

«ለጋብቻ።»

ጸሐፊው ወደ ልጅቷ ዞሮ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«የማገባው እኔ ነኝ» አለች እትዬ መርፌ። «እሷማ ገና እየመረጠች ነው።»

ልጅቷ ሰማዩን አየች። ጸሐፊውም ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ጻፈ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። አየሩ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል። ከመስኮቱ ጀርባ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ተቀምጣለች።

«የመዝገብ ቁጥር?»

«አላውቀውም።»

«ዓመተ ምሕረትስ?»

«እቺ አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት።»

ልጅቷ አስልታ ተናገረች። ሴትዮዋ ጻፈችና «አመልካች ማን ነበር?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፍቺውን የጠየቀው ማን ነው? የዚያን ጊዜ መዝገብ የተቀመጠው በአመልካቹ ስም ነው።»

«እኔ ነኛ። ማን ሊሆን ኖሯል?»

ሴትዮዋ መደርደሪያዎቹ መሀል ገብታ ጠፋች፤ ቆይታ አቧራ ለብሳ ተመለሰች። «በእርስዎ ስም የለም። ባልየው ይሆናል የጠየቀው።»

እትዬ መርፌ በሕይወቷ ብዙ ተሰድባለች፤ እንደዚህ ያለ ስድብ ግን አልገጠማትም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለደንበኛው ሁሉ ያወራችው ባሏን እንዴት እንዳባረረች ነው። ሻንጣውን በር ላይ እንዴት እንዳስቀመጠች፣ እሱም እንዴት እንደተንበረከከ። መንበርከኩ በየዓመቱ ይጨመርበት ነበር።

«ደግመሽ እዪ» አለች።

«ደግሜ ነው ያየሁት፣ እትዬ።»

ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብላ ለአባቷ ደወለች። አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው ሁሉ ፍሬቻ ይለዋል፤ ወደ ግራ እያሳየ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ መንገድ ላይም ከመንገድ ውጪም።

«አባዬ፣ እማዬን የፈታት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ማን ምን አለ?»

«ሙሉ ስምህን እስከ አያት ንገረኝ፤ መዝገብ እያስፈተሽን ነው።»

«ይህማ በስልክ አይሆንም። ቆዩኝ።»

መጣ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ። ከሩቅ ለሚያየው የሚያገባው እሱ ይመስላል። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት ልጅቷ የተመረቀች ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ ዳርና ዳር ተቀምጠው ነበር።

«ወፍረሻል» አላት።

«አንተ ደግሞ አጥረሃል።»

ሰላምታው ይኸው ነው። ፍሬቻ ስሙን አስጻፈ፣ ሴትዮዋ ገባች፣ ወጣች። በእሱም ስም የለም።

«አየህ?» አለች እትዬ መርፌ። «ባዶ።»

«ያንቺስ ሞልቶ ነው?»

«ታዲያ» አለች ልጅቷ፣ «ጭራሽ አልተፋታችሁም ማለት ነው?»

እትዬ መርፌ የቧንቧ ሠራተኛው ፊት ድቅን አለባትና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ፍሬቻ ክራባቱን አላላ።

«እኔኮ ባለትዳር ነኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«የየትኛዋ?» አለች የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ። ከዚያ መሳቋን ለመደበቅ ኦቾሎኒ አፏ ውስጥ ጨመረች። «አይደንግጡ። ምናልባት በስምምነት ይሆናል የተፋታችሁት። የስምምነቱ ለብቻው ነው የተቀመጠው።»

«እኛ?» አሉ ሁለቱም እኩል።

«እኛ ተስማምተን አናውቅም» አለች እትዬ መርፌ።

«እሱስ እውነቷን ነው» አለ ፍሬቻ።

«ይኸው ተስማማችሁ» አለችና ሴትዮዋ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች።

ይዛ የወጣችው ሳሳ ያለ ፋይል ነው። መነጽሯን አጥልቃ አነበበችላቸው። አንደኛ አመልካች እሷ፣ ሁለተኛ አመልካች እሱ። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቡበት ጊዜ ሰጥቷቸው፣ በሐሳባቸው ጸንተው አንድ ላይ ቀርበዋል። ያባረረም የተባረረም የለም። ሁለቱም ፈተና የወደቀ ተማሪ መስለው ወረቀቱን ተራ በተራ አዩት።

«ምስክሮቹ እነማን ናቸው?» አለች ልጅቷ፣ ከታች ያሉትን ሁለት ፊርማዎች እያየች።

አላወቋቸውም። ዘመድም ጎረቤትም አይደሉም። ፍሬቻ አንገቱን አከከ፣ ከዚያ እጁ እዚያው ቀረ።

«አውቶቡሱ» አለ።

«የምን አውቶቡስ?»

«የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። እናትሽ ከፌርማታ ተሳፈረች፤ እዚህ በር ላይ አቆምኩና ገባን።»

«ሰው ጭነህ?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ሰዎቹስ?»

«ጠበቁዋ። ምን ያደርጋሉ? ዳኛው ምስክር አምጡ ሲል ወጥቼ ለመንኩ። ከፊት ወንበር ሁለት ሰው ወረደልኝ።»

እትዬ መርፌ አፏን በእጇ ከድና ትሰማው ነበር። «ምስክሯ ሴትዮ ታለቅስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንዳልፈርም ክንዴን ይዛ። ምንም የማታውቀኝ ሴትዮ።»

«ሰውየው ደግሞ ቶሎ በሉ ይላል። ረፍዶበት።»

«ስንመለስም ፌርማታ ያልሆነ ቦታ፣ ቤቴ በር ላይ አቁመህ አወረድከኝ።»

«ዝናብ ነበራ» አለ ፍሬቻ፣ ወደ ጫማው እያየ።

ልጅቷ በዚያ ሰዓት አንደኛ ክፍል ቁጭ ብላ ፊደል ትቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያደገችው በሁለት ታሪክ ነው፤ አንዱን ከእናቷ ቤት፣ ሌላውን ከአባቷ ቤት እየሰማች፣ ሁለቱንም እኩል ጠልታ። ይህንን ሦስተኛውን ማንም ነግሯት አያውቅም። ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ሲያልቅ አፍንጫዋን መናፈጥ አስፈለጋት።

«በይ ኮፒዬን ስጪኝ» አለች እትዬ መርፌ ተነሥታ። «ሰውዬው እየጠበቀኝ ነው።»

«ማሽኑ ተበላሽቷል። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

«ለእኔም አንድ» አለ ፍሬቻ። ከዚያ አሰብ አደረገና «አይ፣ ይቅርብኝ። ሚስቴ ይህን ካነበበች ሌላም ሌላም መጠየቅ ትጀምራለች» አለ።

ልጅቷ አባቷን እስከ ፌርማታው ሸኘችው።

«ሰውዬው እንዴት ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው። ዝምተኛ ነው።»

«እሱ ነው ከእሷ ጋር የሚያዋጣው። እኔ መልስ እሰጥ ነበር።» አውቶቡሱ ሲመጣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ። ገና ሳይንቀሳቀሱ ሹፌሩን በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ሲመክረው በመስታወቱ ታየዋለች።

እትዬ መርፌ ኮፒዋን በማግሥቱ ወሰደች፣ በሳምንቱም አገባች። ቢሮው ውስጥ ባሏ ብዕሩን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም። ወጥተው ደረጃው ላይ ሲቆሙ ምን እንደሚሰማት ጠየቃት።

«ራበኝ» አለች። ሄደው በሉ።